ሁለቱን ጎማ የሚያስረው ብረት

በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ጧት፣ ደባርቅ ውስጥ በገዱ ጋራዥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የጋራዡ ባለቤት ገዱ ነው። አንዱ ያርጋል ነው፤ ከደባርቅ መካነ ብርሃን ሰውና ጭነት የሚያመላልስ ወጣት ሹፌር። ሦስተኛው የያርጋል አጎት ሀብተ ሚካኤል ናቸው፤ የአምባራስ ገበሬ፤ ያርጋልን አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት፣ ገብሳቸውንና በጎቻቸውን ሸጠው መኪናዋን የገዙት እርሳቸው ናቸው። መኪናዋ ያረጀች ላንድክሩዘር ናት። ያን ጧት የኋላ ጎማዎቿ ወልቀው፣ ወገቧ በግንድ ተደግፎ፣ ግቢው መሃል ቆማ ነበር።

ገዱ ከመኪናዋ ሥር እየተንፏቀቀ ወጣ። በእጁ አሮጌ ጣሳ ይዟል። «ና እስቲ እየው» አለና ለያርጋል ዘረጋለት።

ያርጋል ወደ ጣሳው አጎነበሰ። ጥቁር ዘይት ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ገዱ ጣቶቹን ዘይቱ ውስጥ ሰደደና አንድ የብረት ስባሪ አወጣ። ደግሞ ሰደደ፤ ሌላ አወጣ። እያወጣ መዳፉ ላይ ደረደራቸው። የማርሽ ጥርሶች ነበሩ፤ ከሥራቸው ተገንጥለው የወደቁ።

ያርጋል ክው አለ። ባለፈው ቅዳሜ እነዚህ ጥርሶች እንዲህ ረግፈው ሳለ እርሱ ከቧሂት እስከ ደባርቅ ሰው ጭኖ ነድቷል። ተሳፋሪዎቹ ክፉው ዳገት ካለፈ ወዲያ «ተረፍን» ብለው ይሳሳቁ ነበር። ለካ ገና አልተረፉም ነበር።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። የቧሂት ዳገት ላይ ዝናብ ያቦካው ጭቃ ያዛቸው። ያርጋል ነዳጅ ሲሰጥ የግራው የኋላ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፤ የቀኙ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። አጥብቆ ሲረግጥ ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ኋላቸው ደግሞ ገደል ነው። አንድ ተሳፋሪ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ባይወትፍ ኖሮ የሚሆነው አይታወቅም። ኋላ ሁሉም ወርደው ገፍተው አወጧት። ሀብተ ሚካኤል ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከመኪናዋ ወርደው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያርጋል፣ እኔ ይህችን የገዛሁልህ እንጀራህ እንድትሆን ነው፤ መቃብርህ እንድትሆን አይደለም። ሁለተኛ እንዲህ ካደረገች እሸጣታለሁ። በሬ ጠምደህ ታርሳለህ።»

ያርጋል ይህን ሲሰማ ከገደሉ የባሰ ደነገጠ። ማረሱን ንቆ አይደለም። ነገር ግን ከሰው ፊት ቀና ብሎ መናገር የሚያቅተው እርሱ፣ መሪ የጨበጠ ዕለት ሰው የሆነ ይመስለው ነበር። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ሌላ መኪና የሚሰጠው ሰውም የለም።

«የምን ጥርስ ነው ይኸ?» አሉ ሀብተ ሚካኤል አሁን፣ ወደ ገዱ መዳፍ አንገታቸውን አስግገው።

«የዲፈረንሻሏ ነዋ፣ አያ ሀብቴ! ይኸ በኋላ ጎማዎቿ መሃል ያለው፣ ድስት የመሰለው የለም? እርሱ ነው። ሞተሩ ጉልበት ይልክለታል፤ እርሱ ተቀብሎ ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ ይሄዳል፣ የውስጡ ትንሽ። ስለዚህ አንድ ላይ አያስራቸውም፤ እንደየአካሄዳቸው ይለቃቸዋል።»

«ደግ ሠራ!»

«ደረቅ ላይ ደግ ነው። ጭቃ ላይ ግን ሰነፉን ይወዳል። አንዱ ጎማ ጭቃ ገብቶ ሲሽከረከር ጉልበቱን ሁሉ ለእርሱ ይሰጠዋል፤ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ያያል።»

«አንዱ በሬ ሲፈነጭ ሌላው ቀንበር ተሸክሞ ያንቀላፋል በለኛ!»

«እንደርሱ ነው።»

«እንዲህ ያለ በሬ እኔ ቤት አያድርም» አሉ ሀብተ ሚካኤል። «አውጣና ጣለው። ሌላ አግባ። ከሁሉ የሚወፍረውን።»

ያርጋል ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ስለዚህ ነገር ብዙ ሲያይ ነው የሰነበተው፤ በሰው አገር በረሃና በረግረግ የሚፈነጥዙ መኪናዎችን። ስልኩን ለገዱ እያሳየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሉውን የኋላ አክስል፣ ከጎማ እስከ ጎማ፣ ብንለውጠውስ?» አለ። «ከጭነት መኪና አውጥተን፤ ይኸውልህ፣ እነርሱ እንዲህ አድርገውት...»

ገዱ ስልኩን ሳያይ ሳቀ። «ከዚያስ ፊቷን ከምን ታመጣላታለህ? የኋላው ማርሽና የፊቱ ማርሽ አንድ ዓይነት ካልሆኑ፣ አራቱን ጎማ ያስገባህ ዕለት ፊቷ በአንድ ፍጥነት፣ ኋላዋ በሌላ ፍጥነት ልሂድ ይላል። እርስ በርስ ሲጓተቱ ካምቢዮዋን ትበላዋለህ። የጭነት መኪናው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ባሌስትራው አይገጥምም። ልጅቱን የአባቷን ጫማ አልብሰህ ልትድራት ነው?»

ሀብተ ሚካኤል ከት ብለው ሳቁ። ያርጋል ጆሮው ድረስ ቀላ። ቢሆንም ስልኩን አላስገባም። «ራሱ የሚቆልፍስ?» አለ። «አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሁለቱን ራሱ አስሮ አንድ ላይ የሚያዞር አለ። ሹፌሩ ምንም አይነካም።»

«አለ» አለ ገዱ። ሳቁን አቆመ። «ቧሂት ላይ፣ ከጭቃው በኋላ፣ መንገዱ ወዴት ነው የሚያዘነብል?»

«ወደ ገደሉ።»

«አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው መሬት ይዞ ኋላዋን ያቆምልሃል። ሁለቱ ታስረው አንድ ላይ ቢንሸራተቱ ኋላዋ ወዴት ይሄዳል?»

ያርጋል ስፍራውን በዐይነ ልቡናው አየው፤ ሣሩን፣ ጉሙን፣ ከጉሙ በታች ያለውን ባዶ ነገር። ይህን ብረት ከሁሉ አብልጦ የወደደው እርሱ ነበር፤ አጎቱን ለምኖ ሊያስገዛው አስቦ ነበር።

«እኔን ከሰማችሁ» አለ ገዱ፣ «ሹፌሩ የሚያስረውና የሚፈታው ይሻላል። ከመሪው አጠገብ ቁልፍ ይኖረዋል። ጭቃ ስትገባ ታስረዋለህ፤ ሁለቱም ጎማ እኩል ይጎትታል። ስትወጣ ትፈታዋለህ። ማርሹ ከፊቱ ጋር እኩል የሆነውን አስመጣለሁ። ግራና ቀኝ ያሉት የጎማ ዘንጎችም በወፍራም ይለወጡ፤ ጉልበቱ ሁሉ በአንዱ ላይ ያረፈ ዕለት አሮጌዎቹ እንደ አገዳ ይቀነጠሳሉ።»

ሀብተ ሚካኤል ጢማቸውን አሻሹ። «አሳሪና ፈቺው ሰው ከሆነ መልካም ነው» አሉ። «ብረት በራሱ ፈቃድ ሲያስር አልወድም። እርሱን አስመጣ።»

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰኔ አለቀ። የሚገጠምበት ቀን ሀብተ ሚካኤል ከአምባራስ ማልደው ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሽ ጀሪካን ይዘው፣ ከጋራዡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገዱ አዲሱን ዲፈረንሻል ድስት በመሰለው ቤቱ ውስጥ ሲያስገባ፣ ወፍራሞቹን ዘንጎች ሲሰካ፣ ዐይናቸውን አልነቀሉም። ያርጋል መፍቻ ያቀብላል፤ ግራሶ ይቀባል።

ወደ እኩለ ቀን ገዱ በጎን ባለው ቀዳዳ ዘይት መሙላት ጀመረ። ሳይሞላ ዘይቱ አለቀበት።

«ይህች መኪና እንደ ቄስ ውሻ ናት፤ አትጠግብም» አለ። «ና ያርጋል፣ ከሱቅ እናምጣ። እግረ መንገዳችንን ሽሮ ቀምሰን እንመለሳለን። አያ ሀብቴ፣ ይሄዳሉ?»

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሂዱ።»

ገዱ ቡሎኑን ሳይመልስ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል አደረገበትና ሁለቱም ሄዱ። ሲመለሱ ሀብተ ሚካኤል እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት ይደግማሉ። ገዱ መኪናዋ ሥር ገብቶ የቀረውን ዘይት መጨመር ሲጀምር ወዲያው ገንፍሎ ክንዱ ላይ ፈሰሰ።

«እንዴ! ጠግባ ነበር እኮ!» አለና ቡሎኑን አጠበቀ። ከገዛው ዘይት የተረፈውን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ያርጋልም ሌላ አላሰበም።

የመጀመሪያው ጉዞ እንዴት እንደነበር ያርጋል ለማንም በደንብ መናገር አልቻለም። ያ የቧሂት ጭቃ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫነ። ከሥር «ጠቅ» አለ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ያዙ፤ መኪናዋ ሳትጮኽ፣ ሳትፎክር፣ ጭቃውን እየረገጠች ወጣች። ከኋላ የተጫኑት ሴቶች እልል አሉ። አበባየሁ የተባለች የገብስ ነጋዴ በመስኮት ብቅ ብላ «ያርጋሌ፣ በቅሎ አድርገሃታል!» አለችው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁልፉን ፈታና ፈገግ አለ። ሐምሌን ሁሉ እንዲህ ሠራ። ሀብተ ሚካኤልም አምባራስ ላይ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ መኪና» ማለት ጀመሩ፤ «የእኔ መኪና» ማለቱን ተዉት።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። መኪናዋ መካነ ብርሃን ላይ ብዙ ቀን ቆመች። መንገዱ ሲከፈት ያርጋል ሰው ጭኖ ወደ ደባርቅ ተነሣ። ሀብተ ሚካኤል ለለቅሶ መጥተው ስለነበር ከፊት ተቀመጡ፤ በበሩ በኩል እርሳቸው፣ መሃል መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ። መሪጌታ ያርጋልን ፊደል ያስቆጠሩት ሽማግሌ ናቸው፤ እስካሁንም «የኔታ» ነው የሚላቸው።

ዳገቱን ወጡ። ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ ከኋላ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ ሀብተ ሚካኤል።

«ድንጋይ ይሆናል፣ አጎቴ።»

«ድንጋይ ያለቅሳል?»

ድምፁ እየጎላ ሄደ። ወዲያው ያረረ ነገር ሸተተ። ያርጋል ሊያቆም ፍሬኑን ገና ሳይነካ የኋላ ጎማዎቹ ሁለቱም ቀጥ አሉ። አልዞሩም። መኪናዋ በረጠበው ኮረት ላይ ተንሸራተተች፤ ፊቷ ወደ ተራራው፣ ኋላዋ ወደ ገደሉ ዞረ። ያርጋል መሪውን ያዞራል፤ መሪው የሚያዝዘው ነገር የለም። ሴቶቹ ጮኹ። ከዚያ ከሥር የሆነ ነገር ተንኳኳና ቆመች።

በቀኝ መስኮት ጉም ብቻ ይታያል።

ሀብተ ሚካኤል ድንጋጤ አፍኗቸው በራቸውን ከፈቱና እግራቸውን ሰደዱ። እግራቸው መሬት ይፈልጋል፤ መሬት የለም። ያርጋል በመሪጌታ ላይ ተዘርግቶ የአጎቱን ጋቢ ጨመደደ። «አጎቴ! አይውረዱ! መሬት የለም!»

ሀብተ ሚካኤል ወደ ታች አዩ። እግራቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማንም አይነቃነቅ» አሉ መሪጌታ። «አንድ አንድ እያላችሁ በግራ ውረዱ። እግዚኦ በሉ፤ ግን በልባችሁ በሉ።»

ሁሉም ወረዱ። መኪናዋን ከውጪ ሲያዩአት ያልጮኹትም ጮኹ። የቀኙ የኋላ ጎማ ከመንገዱ ወጥቶ አየር ላይ ነበር፤ ወገቧ አንድ ዐለት ላይ አርፎ ነው የያዛት። ያርጋል ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሀብተ ሚካኤል አጠገቡ ቆመው ነበር። አልተቆጡም፤ አልነኩትም፤ አላዩትም። ያ ከቁጣ ይልቅ አስፈራው።

የእህል መኪና መጥቶ በገመድ ጎትቶ ወደ መንገዱ መለሳት። ያርጋል ሁለቱን የኋላ የጎማ ዘንጎች መዝዞ አወጣ፤ ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደውንም ረጅም ዘንግ ፈታ። ጭነቷን አራግፎ በፊት ጎማዎቿ ብቻ እየነዳ ደባርቅ አደረሳት። ተሳፋሪዎቹ በእህል መኪናው ሄዱ። ሀብተ ሚካኤልና መሪጌታ ግን ከእርሱ ጋር መጡ።

ጋራዡ ሲደርሱ አጎቱ ጮኹ።

«ገዱ!»

«አቤት፣ አያ ሀብቴ! ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ከእግሬ ሥር መሬት አጥቼ መጣሁ። ያስገባኸው ብረት ደረቀ። እኔ፣ መሪጌታ፣ ይህ ልጅ፣ የሰው ሚስት ሁሉ ገደል ልንገባ ነበር። መኪናዋ ነገ ትሸጣለች!»

ያርጋል ዐይኑ እንባ ሞላ። ሰው ፊት መናገር አይችልም፤ አሁን ግን ከአፉ ወጣ። «አጎቴ፣ ጥፋቱ ሳይታወቅ? እኔ ነዳኋት፤ ገዱ ሠራት፤ የሆነው ምን እንደሆነ ሳናይ?»

«እንየው! እንየው እንጂ!» አለ ገዱ። «የእኔ ሥራ ከሆነ እዚሁ ይታይ።»

ሀብተ ሚካኤል ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እርስዎ ይስሙ። ሚካኤልን! ይህን ያደረገ ሰው ከዛሬ ጀምሮ እጁን ከዚህች መኪና ያነሣል። ያርጋል ከሆነ ይወርዳል። ገዱ ከሆነ ሁለተኛ አይነካትም፤ ሽማግሌም ፊት ይቆማል። እኔም ብሆን እኔው እለቃለሁ። ምያለሁ!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አቶ ሀብተ ሚካኤል» አሉ መሪጌታ። «ስሙን ለዚህ አይጥሩት።»

«ጠርቻለሁ።»

ገዱ መኪናዋ ሥር ገባ። ጣሳውን አስተካክሎ የማፍሰሻውን ቡሎን ከታች ፈታ። ሦስቱም አጎንብሰው ያያሉ።

መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም። ውሃ ነበር፤ ዝገት ያቀላው ውሃ። ከዚያ እንደ አጥሚት የወፈረ ነጭ ነገር እየተንጠባጠበ ተከተለ። ጣሳው ሞልቶ ሲፈስ እንኳን ገዱ አልነቃነቀውም።

«ወይ ጉድ» አለ በመጨረሻ። «ወይ ጉድ! ውሃ! ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች ዝገው ነው የያዙት። ያርጋል፣ ወንዝ ውስጥ አቁመሃታል?»

«እኔ? አንድም ቀን! ወንዙ ከጎማው ግማሽ አያልፍም። ያንተ ጎሚኒ ነው፣ ዘይት ይይዛል ያልኸው ላስቲክ፣ ያስገባው!»

«ጎሚኒው ያስገባው ውሃ ይህን ያህላል? ይህ እኮ የተቀዳ ነው! ሰው ያፈሰሰው ነው! ጠላት ነው ያለህ!»

«ዘይቱ ነው» አሉ ሀብተ ሚካኤል። «የሸጠህ ሰው ውሃ ቀላቅሎ ሸጦልሃል፤ ወይም አንተ ራስህ...»

«አያ ሀብቴ!» ገዱ ከሥር ወጣ። ግንባሩ ላይ ነጩ ዘይት ተለቅልቋል። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ላይ ስሠራ ሌባ ያለኝ የለም! ከሱቅ ያመጣሁት ዘይት የተረፈው እዚያ መደርደሪያ ላይ አለ። ይዩት! አንድ ጠብታ ውሃ ካለበት አንገቴን!»

ያርጋል ሮጦ አወረደው። መክደኛውን ከፍቶ በመዳፉ ላይ አፈሰሰው። ዘይቱ የጠራ ማር መሰለ። ውሃ የለበትም።

«እንግዲያ ከየት መጣ?» አሉ ሀብተ ሚካኤል፣ ከልባቸው ተገርመው። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እንዴትስ ሊደርቅ ይችላል? እኔ እኮ በእጄ የሰኔ ሚካኤልን ጠበል አፍስሼበታለሁ! እናንተ ምሳ ስትሄዱ፣ በቀዳዳው፣ ሁለት ጣሳ ሙሉ! ሕመሙ ካለበት ቦታ ይግባ ብዬ! ጠበል የጠጣ ብረት እንዴት...»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

የጋራዡ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ገዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ያርጋል በመዳፉ የያዘው ዘይት በጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፤ እርሱ አያየውም። የሚያየው አጎቱን ነው። ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ትዝ አለው። ሲጸልዩ የነበረው ለእርሱ ነበር። እንዳይሞት ነበር። ሊገድለው የነበረው ይኸው ነው። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ አቃተው።

«ለምን አልነገሩንም?» አለ ገዱ በቀስታ። ቁጣው የት እንደሄደ አይታወቅም።

«ጸሎት ይወራል እንዴ?» አሉ ሀብተ ሚካኤል። ድምፃቸው አነሰ። «ውሃ መሆኑን... እኔ ጠበል ነው ያልሁት።»

ወደ መሪጌታ ዞሩ፤ እንደ ተማሪ ሆነው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠበሉ ለሰው ነው፣ ወንድሜ። ብረቱን ከውጪ ቢረጩት፣ ሹፌሩን ቢያጠምቁት ይበቃ ነበር። ምድጃ ላይ ቢያፈሱት እሳቱን ያጠፋዋል፤ ጠበል ነው ብሎ እሳቱ ከመጥፋት አይቀርም። ዘይቱም እንደዚያው ነው። ሚካኤል ግን የለመኑትን አልነሣዎትም፤ ያ ዐለት እዚያ ቦታ ነበር።»

ሁሉም የረሳውን ነገር ሀብተ ሚካኤል አስታወሱ። ፊታቸው እንደገና ተለወጠ፤ ገደሉ አፍ ላይ እንኳን እንዲህ አልሆኑም ነበር።

«ምያለሁ» አሉ።

ያርጋል ገና አሁን ገባው። «አይሆንም፣ አጎቴ!»

«ምያለሁ፤ መሪጌታ ሰምተዋል። ያደረገው ሰው እጁን ያነሣል ብያለሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

«ሳያውቁ ነው የማሉት! የኔታ፣ ንገሯቸው!»

«ንስሐ አባትዎ ይፈቱዎታል» አሉ መሪጌታ። «ቀኖና ይሰጥዎታል፤ ይጾማሉ፤ ያልፋል። መሐላው በንዴት ነው።»

«ገዱ ቢሆን ኖሮ በንዴት ነው ብዬ እምረው ነበር?» አሉ ሀብተ ሚካኤል። «ስሙን ጠርቼ ሰውን ላስወርድ ነበር። እንግዲህ ስሙን ስለ ብረት ብዬ አላቃልልም።» ወደ ገዱ ሄዱና ከፊቱ ቆሙ። ገዱ ሸሸ፤ ሽማግሌው ለይቅርታ ጎንበስ ሊሉ መሆኑን አውቆ። ትከሻቸውን ያዛቸው።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ቀዳዳውን ክፍት ትቼ የሄድሁ እኔ ነኝ። ዘይቱ ሲገነፍልም ማየት ነበረብኝ። ቀልጄ አለፍሁት።»

«ሌባ ልልህ ነበር።»

«አላሉኝም። ሊሉኝ ነበር።»

ሀብተ ሚካኤል ሳቅ የመሰለ ነገር ሞከራቸው፤ አልወጣም። ያርጋል እግራቸው ላይ ወደቀ። እጁ በዘይት ስለተነከረ ጋቢያቸውን ሊይዝ ፈርቶ በክርኑ ጉልበታቸውን አቀፈ።

«መኪናዋን አልፈልጋትም» አለ። «ይሽጧት። እርስዎ የሌሉባትን መኪና ምን ላደርጋት ነው?»

«ልሸጣት አልችልም፤ እጄን አንሥቻለሁ። አሁን ያንተ ናት፤ የምትሸጥ ከሆነ አንተ ሽጣት።» ከራሱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ተነሣ። ጫማህ ላይ ዘይት ፈሷል።»

ገዱ በማግስቱ ዲፈረንሻሉን አውርዶ በናፍጣ አጠበው፤ ኩሽኔታዎቹንና ጎሚኒዎቹን ቀየረ፤ አዲስ ዘይት ሞላ። ቡሎኑን ያርጋል አጠበቀው። ቅዳሜ መኪናዋ ሰው ጭና ወደ መካነ ብርሃን ወጣች። ሀብተ ሚካኤል አምባራስ ላይ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ያርጋል አቁሞ በሩን ከፈተላቸው፤ «እጄን አንሥቻለሁ፤ ሂድ» አሉት፤ አልተሳፈሩም።